ዓይንህን አትጨፍን!

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ቡጢ ነው። «በቤተሰብ መጽሔት ላይ ደግሞ የምን ቡጢ ነው?» የሚል አይጠፋም። ታገሡኝና እስከ መጨረሻው ተከተሉኝ። ነገሩ መንገድ ላይ ይጀመራል እንጂ የሚያልቀው ቤት ውስጥ ነው።

አንድ ቡጢ

ተወልጄ ያደግሁት ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ነው። በ1989 ዓ.ም. የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጠዋት እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሂርማታ ገበያ አጠገብ በነበረው የአጎቴ ሱቅ እሠራለሁ። አጎቴ ከገበሬው ጀንፈል ቡና እየገዛ ለአቅራቢዎች የሚያስረክብ ሰብሳቢ ነበር። የኅዳር ወር መሆኑ ነው፤ በእኛ አገር ኅዳር ማለት ቡና ማለት ነው። ዕለቱም ሐሙስ፣ ትልቁ የገበያ ቀን ነበር። መግሪብ ከተሰገደ በኋላ አጎቴ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝና «ቤት አድርስልኝ» አለኝ። ብሩን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ጃኬቴን ደርቤ ወጣሁ።

ከአዌቱ ወንዝ ድልድይ አለፍ እንዳልኩ አንድ ሰው «ወንድም፣ ሰዓት ስንት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እጄን አንስቼ ሰዓቴን ለማየት ጎንበስ አልኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የደም ጣዕም ነው። ከንፈሬ ተሰንጥቋል፣ የፊት ጥርሴ ተነቃንቋል፣ ብሩ የለም።

አጎቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አልተቆጣኝም። «ነፍስህ ትረፍ እንጂ ገንዘብ ይመጣል» ብሎ ወደ ሐኪም ወሰደኝ። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ግን ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር። «ቡጢው ሲመጣ አላየህም እንዴ?» ይሉኛል። አላየሁም። እጁ ሲነሣ መጀመሪያውን በጨረፍታ አይቼዋለሁ፤ ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቡጢው የደረሰው ከጨፈንኩ በኋላ ነው። ከጥርሴ ይልቅ ያመመኝ ይኸው ነበር።

በርጩማው

ያኔ በጅማ ቪዲዮ ቤቶች የብሩስ ሊ ፊልም ያላየ ወጣት አልነበረም ማለት ይቻላል። እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል ሌሊት ሌሊት የምለማመደው የሰውየውን ጥርስ መስበር ነበር። በመጨረሻም በሰፈራችን አንድ አሮጌ የቡና መጋዘን ውስጥ ከዐስር በኋላ ራስን መከላከል ወደሚያስተምሩ ሰው ዘንድ ሄድኩ። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸው ነበር። ቀን ቀን አናጢ ናቸው፤ በርጩማና አልጋ ይሠራሉ። መጋዘኑ ውስጥ የቡና ገለባ የታጨቀባቸው ጆንያዎች ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። ግድግዳው ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠ የሙሐመድ ዐሊ ፎቶግራፍ ተለጥፏል።

«ለምን መጣህ?» አሉኝ።

«መማታት ለመማር» አልኳቸው።

«እዚህ መጀመሪያ የሚማሩት አለመመታትን ነው። ከተስማማህ ጫማህን አውልቅ» አሉ።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ቀላል መሰለኝ። ፊት ለፊቴ ቆመው ቀጥ ያለ ቡጢ ይሰነዝራሉ፤ ከአፍንጫዬ አራት ጣት ሲቀረው ያቆሙታል። የእኔ ሥራ መቆምና ማየት ብቻ ነው። አልቻልኩም። በተሰነዘረ ቁጥር ዓይኔ ይጨፈናል፣ ፊቴ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ሞከርን። በመጨረሻም ጋሼ እጃቸውን አወረዱና ሌላው እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ማነው የሚመታህ?» አሉኝ።

«ማንም» አልኩ።

ዋሽቼ ነበር። አባቴ ለልጆቹ ያልሆነው ነገር የለም። ከሱብሒ ጀምሮ እስከ ኢሻእ ይሠራል፤ ቀምሶ ሳይጠግብ ያበላን አባት ነው። ነገር ግን እጁ ፈጣን ነበር። ብርጭቆ ሲሰበር፣ በግ ሲጠፋ፣ መልስ ሲዘገይ ጥፊው ይቀድማል። በዚያን ዘመን ይህን እንደ ነውር የሚቆጥር አልነበረም፤ የጎረቤትም አባት እንዲሁ ነበር። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ፊቴን ወደ ቀኝ ማዞር የተማርኩት ከዚያ ነው። አባቴ ግራኝ ስላልሆነ ጥፊው የሚመጣው ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ነበር።

ጋሼ ከዚህ በላይ አልጠየቁኝም። ይልቁንም እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። ዓይን መርገብገቡ የአላህ ጥበብ ነው፤ ባዕድ ነገር እንዳይገባበት ራሱን ይጠብቃል፤ ያንን ማንም አያስቀረውም። ችግሩ ከተርገበገበ በኋላ ተጨፍኖ መቅረቱ ነው። የሚማታ ሰው አንድ ሰንዝሮ አያቆምም። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም አያይም፤ የሚሸሽበትንም በር አያይም። «የመጀመሪያው ቡጢ ቢያገኝህ እንኳ ሁለተኛውን በዓይንህ ተቀበለው» ይሉ ነበር። ለሦስት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሃምሳ ሃምሳ ጊዜ ሰነዘሩብኝ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ በኋላ ፈጠን እያሉ፣ አንዳንዴም በጨርቅ ኳስ ግንባሬን ነካ እያደረጉ አስለመዱኝ። መነካት እንደማይገድል ሰውነቴ ሲረዳ ፊቴ መዞሩን ተወ።

ቀጥሎ አቋቋም መጣ። ጋሼ ራሳቸው የሠሩትን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ መሬት ላይ አስቀመጡና «ይህ በየትኛውም ወለል ላይ አይወላገድም። አንተ ግን ያለህ ሁለት እግር ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛውን እግር በአቋቋምህ አምጣው» አሉ። አንድ እግር ወደፊት፣ አንዱ ወደ ኋላና ወደ ጎን፣ ጉልበት ላላ፣ አገጭ ወደ ደረት ጠጋ፣ አፍ ግጥም። አፍን መግጠም እንደ ቀላል አይታይ፤ የተከፈተ መንጋጋ ሲመታ በቀላሉ ይጎዳል፤ ምላስም በጥርስ መሃል ይገባል። እጆች እስከ ጉንጭ ከፍ ይላሉ፤ ግን አይጨበጡም፤ መዳፍ ተከፍቶ ወደፊት ይታያል። እንዲህ ያለ እጅ ሁለት ሥራ አለው። ፊትን ይጠብቃል፤ ለሚያየውም ሰው «ጠብ አልፈልግም» ይላል።

ከዚያ ርቀትን አስተማሩን። ዓይን ያየውን አንጎል ተረድቶ እጅ እስኪንቀሳቀስ ድረስ የሰከንድ ሩብ ያህል ጊዜ ይፈጃል። ከቅርብ የተሰነዘረ ቀጥተኛ ቡጢ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አፍንጫው ሥር ቆሞ ቡጢ የሚመክት ሰው የለም። የተቆጣ ሰው አንድ እርምጃ ሳይራመድ እንዳይደርስብህ አድርገህ ትቆማለህ፤ ያቺ እርምጃ ለአንተ ጊዜ ትሰጥሃለች። የምታየውም ጡጫውን ሳይሆን ትከሻውንና ደረቱን ነው፤ ትከሻ ከጡጫ ቀድሞ ይናገራልና። ድልድዩ ላይ ያገኘኝ ሰው ሰዓት የጠየቀኝ ይህችን ርቀት ሊሰርቀኝ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

መመከቱን ግን ከሁሉም በላይ የወደድኩት በጋሪው ምሳሌ ነው። ቡና የተጫነ የእጅ ጋሪ ቁልቁለት ይዞ ሲመጣ ከፊት ቆሞ ላስቁምህ የሚል ይደፈጠጣል። ከጎን ሆኖ እጀታውን በመዳፍ ገፋ የሚያደርግ ግን ያለ ብዙ ጉልበት አቅጣጫውን ያስቀይረዋል። ቀጥተኛ ቡጢም እንዲሁ ነው፤ ኃይሉ ሁሉ ወደፊት ነው፣ ወደ ጎን አቅም የለውም። መዳፍህን ከፊትህ ሳታርቅ አንጓውን ወይም ክንዱን በትንሹ ወደ ጎን ትገፋለህ፤ በዚያው ቅጽበት ራስህን ጥቂት ጣት ያህል ዘወር ታደርጋለህ፤ ቡጢው በጆሮህ በኩል ያልፋል።

እኛ ጀማሪዎች የምናጠፋው ጥፋት ተመሳሳይ ነበር። ቡጢውን እንደ ዝንብ ልንይዝ እጃችንን እንወረውራለን። ጋሼም በአንድ እጅ ያስመስሉና ክፍት በቀረው ወገን በሌላው ደረታችንን ነካ ያደርጉናል። «እጅህ ከፊትህ ስፋት አይውጣ» ይላሉ። ሁለተኛው ጥፋት ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሸሽ ነው። የሚማታው ወደፊት እየመጣ ስለሆነ ከሚሸሸው ይፈጥናል፤ ኋላም ድንጋይ ወይም ቦይ ሊኖር ይችላል። የሚሻለው ወደ ጎን፣ በተለይም ከተሰነዘረው ክንድ ውጪ በኩል መራመድ ነው። በዚያ በኩል ሁለተኛው እጁ በቀላሉ አያገኝህም። ሁሉም ካልሆነልህ ደግሞ ስልክ እንደሚያነሣ ሰው ክንድህን አጥፈህ መዳፍህን ጆሮህ ላይ ትለጥፋለህ፤ ቡጢው ክርንህን ያገኛል እንጂ ራስህን አያገኝም። ከዚያ ትሸሻለህ። መሸሽ እንደ ሽንፈት አይቆጠርም ነበር።

ስለ ሙሐመድ ዐሊም ያወሩን ነበር። በእኛ ዘመን እርሱን የማይወድ የሙስሊም ልጅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1974 ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን ሲገጥም ገመዱን ተደግፎ በክንዶቹ ራሱን ሸፍኖ አደከመውና በስምንተኛው ዙር ጣለው። ሁላችንም የምናደንቀው ይህንን ነበር። ጋሼ ግን «ያ ሁሉ በክንድና በጎን አጥንት ላይ ያረፈ ቡጢ ነው፤ በነፃ አይምሰላችሁ» ይሉ ነበር። ዐሊ እ.ኤ.አ. በ1984 የፓርኪንሰን በሽታ እንዳለበት ተነገረው፤ በ2016 እስኪሞትም አብሮት ኖረ። በሽታው ከቡጢዎቹ የመጣ ነው አይደለም የሚለው ሲያከራክር ኖሯል። የጋሼ ትምህርት ግን ግልጽ ነበር፤ ከሁሉ የሚሻለው ቡጢ ያላረፈው ቡጢ ነው።

የሼሁ ጥያቄ

እናቴ ነገሩን አልወደደችውም። «ልጄ ዱርዬ ሊሆንብኝ ነው» ብላ ወደ ሰፈራችን ሼህ ወሰደችኝ። ሼሁ እስክትጨርስ አዳመጧትና ወደ እኔ ዞረው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ፊት ትማታላችሁ?»

«አይ፣ አራት ጣት ሲቀር እናቆማለን፤ ስንለማመድ የምንነካው ደረት ነው» አልኳቸው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ከሰው ጋር ቢጋጭ እንኳ ፊትን ከመምታት እንዲጠነቀቅ ማዘዛቸውን፣ ሐዲሱም በቡኻሪና በሙስሊም መዘገቡን ነገሩኝ። ብርቱ ማለት ሰውን ታግሎ የሚጥል ሳይሆን ሲቆጣ ራሱን የሚገዛ ነው የሚለውንም አስታወሱኝ። ከዚያ ለእናቴ «ይማር፤ ግን ሲቆጣ እዪው። ንዴቱ ከጨመረ አስተዪው፣ ከቀነሰ ተዪው» አሏት።

በዚያች ዕለት ስለ ፊት የሰማሁትን የያዝኩት ስለ መንገድ ጠብ ብቻ አድርጌ ነበር። የሰው ፊት ቤት ውስጥም ፊት መሆኑን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ሚዛኑ አጠገብ

በተከታዩ ዓመት የቡና ወቅት አጎቴ ሱቅ ሚዛን ላይ ቆሜ ነበር። ጀንፈል ያመጣ አንድ ሰው «ኪሎ ተሰረቅሁ» ብሎ ተነሣ። እንደገና መዘንንለት፤ አላመነም። ድምፁ ከፍ ሲል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ መዳፎቼን ከፈትኩና «ወንድሜ፣ ተው፤ ሌላ ሚዛን ላይ እናስመዝንልህ» አልኩት። ትከሻው ሲነሣ አየሁ። ቀጥ ያለ ቡጢ ነበር። መዳፌ ክንዱን ገፋው፤ እኔም ወደ ጎን ተራመድኩ፤ ሰውየው በራሱ ጉልበት አልፎኝ የጀንፈሉ ክምር ላይ ተደፋ። ተነሥቶ ሁለተኛ ሰነዘረ፤ ይኸኛው ጆሮዬን ጫረኝ። ያኔ ሰዎች ገብተው ያዙት።

ያቺን ቅጽበት እስከ ዛሬ አስባታለሁ። ክምሩ ላይ ተደፍቶ ማጅራቱ ከፊቴ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ በልቤ የቋጠርኩት ቡጢ ነበረኝ፤ እጄ ግን አልተነሣም። ጨዋ ስለሆንኩ ነው አልልም። ዓይኔ ክፍት ስለነበረ ፊቱን አየሁት፤ የደከመው፣ ከገጠር በሌሊት የተነሣ፣ ላቡን ተሰረቅሁ ብሎ ያመነ ሰው ነበር። አሮጌውን ሚዛን አስመረመርነው፤ እውነትም ትንሽ ያጎድል ኖሯል። አጎቴ የጎደለውን ከፈለው፣ ይቅርታም ጠየቀው፤ ቡናም አብረን ጠጣን። ያን ቀን ብመልስለት ኖሮ የመታሁት ልክ የነበረውን ሰው ነበር።

ወጣቶች ልብ በሉ፤ ሕጉም የሚለው ከዚህ አይርቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላውን ሰው ከሕገ ወጥ ጥቃት መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል ሲሆንና መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። የወደቀን ሰው መምታት መከላከል አይባልም።

ቤት ውስጥ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማታ ልጄ ከጎኔ ቁጭ ብሎ የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከበላዩ መደርደሪያ ላይ ያለውን ቴርሞስ ለማውረድ እጄን አነሣሁ። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ፣ ፊቱን ወደ ቀኝ አዞረ፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ያንን አቋም አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው። የጋሼ ጥያቄም መጣብኝ። «ልጄ፣ ማነው የሚመታህ?» ልጁን መጠየቅ አላስፈለገኝም። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ በጥፊ መትቼው ነበር፤ አንዱን በምን ምክንያት እንደሆነ እንኳ አላስታውሰውም። ገበያ ላይ የተቆጣ ጎልማሳ ቡጢ ሰንዝሮብኝ እጄን የያዝኩ ሰው፣ ብርጭቆ በሰበረ ሕፃን ላይ እጄን አልያዝኩም። መንገድ ላይ ያለ ባዕድ ፊት የተከበረውን ያህል የልጄ ፊት በቤቱ አልተከበረም።

ያን ሌሊት ለባለቤቴ ነገርኳት። እርስዋ ቀድማ አይታው ኖሮ «ከኔ ስትሰማው ትቆጣለህ ብዬ ነው» አለችኝ። ይህም ሌላ ጥፊ ሆነብኝ። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አሥር ዓመት ሲያገለግሉ አንድ ቀን እንኳ «ኡፍ» እንዳላሏቸው የተዘገበውን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ሰምቼ ለሌላ ሰው አስተላልፌዋለሁ እንጂ ወደ ቤቴ አላስገባሁትም።

በማግስቱ ልጄን «በጥፊ መምታቴ ስህተት ነው፤ ኢንሻ አላህ አይደገምም፤ ስታጠፋ ግን እንነጋገራለን፣ ትቀጣለህም» አልኩት። አላመነኝም። እንዴት ይመነኝ? ቃል ዓይንን አይከፍትም። ስለዚህ ጋሼ ያደረጉልኝን አደረግሁ። ከዐስር በኋላ ግቢ ውስጥ ካልሲ ጠቅልዬ ኳስ ሠራሁ፤ እጄን ቀስ ብዬ እየዘረጋሁ ከፊቱ አራት ጣት ሲቀር አቆማለሁ። ታናሽ እህቱም «እኔስ?» ብላ ተሰለፈች። እርስዋ በሳምንት ውስጥ ዓይኗን ሳትጨፍን መዳፏን ማንሣት ቻለች፤ ተመትታ አታውቅማ! እርሱ ወራት ፈጀበት። አንዳንድ ቀን ደህና ሆኖ ይውልና በሩ በኃይል ሲዘጋ እንደገና ትከሻው ይወጣል። አንድ ቀን እጄ ሲደርስ ዓይኑ በራ፤ መዳፉም እጄን ወደ ጎን ገፋው፤ ከዚያ ሳቀ። አልሐምዱሊላህ፣ ያንን ሳቅ በብዙ ብር አልለውጠውም።

አባቴ በዚያን ጊዜ አርጅቶ እኛ ዘንድ ነበር። በረንዳ ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ሲያየን ይውላል። አንድ ቀን ጠራኝና «ይህን የምታደርገው ለምንድን ነው?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ ስለ ቴርሞሱም፣ ስለ ጋሼ ጥያቄም ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «እኛም በዚያው ነው ያደግነው፤ ሌላ አላየንም። አውፍ በለኝ ልጄ» አለኝ። አባት ልጁን አውፍ በለኝ ሲል ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። እጁን ስሜ «አባ፣ አውፍ ብያለሁ፤ አንተም አውፍ በለኝ» አልኩት። በቀጣዩ ዓመት ወደ አኼራ ሄደ። አላህ ይዘንለት።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችሁ ራሳቸውን መከላከል እንዲማሩ ከፈለጋችሁ መልካም ነው፤ ወንዱም ሴቷም ቢማሩ ይጠቅማቸዋል። ነገር ግን አሠልጣኝ ከመፈለጋችሁ በፊት ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ። ከልጃችሁ አጠገብ ሆናችሁ ከመደርደሪያ ላይ አንድ ዕቃ ለማውረድ እጃችሁን አንሡ፤ ከዚያም ዓይኑን እዩ።

አላህ እጆቻችንን ከበደል፣ የልጆቻችንንም ዓይኖች ከፍርሃት ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።